የመካነ ሰላም ብር፣ የፒያሳ ስም

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ትንሽ ጥሪት እንዳለው የታወቀ ሰው ስልኩ አያርፍም። ታሪካዊት ፒያሳ እምብርት ላይ፣ የኪነ ጥበብ መንደር ውስጥ፣ በማኅበር የሚሠራ አፓርትመንት፣ የቀረው ቦታ ጥቂት ነው የሚል ማስታወቂያ ይመጣለታል። ቀጥሎ ደላላው ይደውላል። አዲስ አበባ ያለ የአክስት ልጅ ይጨመርበታል። ከዚያ እቁብ ቀድሞ ይወጣል፣ በሬ ይሸጣል፣ ጅዳ ያለችው እኅት «የእኔ እመቤት፣ ይቺን አንድ ጊዜ ብቻ» ትባላለች።

በዚህ ማስታወቂያ የሚሸጡት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ታሪክ፣ ኪነ ጥበብና ማኅበር። ታሪኩን የሠሩት ሰዎች ከቦታው ተነሥተዋል። ኪነ ጥበቡ በርካሽ ኪራይ የኖረ ነበር፤ ኪራዩ ከነቤቱ ፈርሷል። ማኅበር የተባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አባላቱ የማይተዋወቁበት፣ ስብሰባ የማይጠራበት፣ ቅድመ ክፍያ የሚሰበሰብበት ዝርዝር ነው። ፒያሳን ፒያሳ ያደረጉት ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው እዚያው እንዲሠሩና እንዲቆዩ መብት አልተሰጣቸውም፤ አሁን ከሩቅ የመጣ ብር በማኅበር ስም ቦታቸውን እንዲይዝ ይጋበዛል። ይህ አካሄድ የመካነ ሰላምን ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል፤ አንዴ በኪሱ፣ አንዴ ደግሞ ነገ በራሱ ከተማ።

መጀመሪያ ግን ለብሩ ባለቤት ፍትሕ ይደረግለት። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ሰው ገንዘቡን ወደ አዲስ አበባ የሚያሸሸው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከከለላ፣ ከለጋምቦና ከሳይንት የሚወጣው ብር የጤፍ፣ የስንዴና የበግ ብር ነው፤ ከዚያም በላይ ዐረብ አገር በሰው ቤት እየሠሩ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ ሴቶች ብር ነው። ይህ ብር ባንክ ቢቀመጥ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ የኑሮ ውድነቱ ከዚያ እጅግ ርቆ ሄዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። ገንዘቡን በብር ይዞ የተቀመጠ ሰው ቁጭ ብሎ ግማሹን አጣ ማለት ይቻላል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደውን መንገድ ሳይቀር ሹፌርና ነጋዴ «ዛሬ ሰላም ነው?» ብሎ ጠይቆ የሚወጣበት አድርጎታል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው ሲሚንቶና ብረት ላይ፣ ያውም ርዕሰ ከተማው ላይ ልጠጋ ቢል ማንም ሊፈርድበት አይገባም።

ሊፈረድበት የሚገባው ፍርሃቱን አይቶ ስም የሚሸጥለት ነው።

ለመሆኑ ፒያሳ ማን ሠራት? ማስታወቂያው ጣሊያን የሠራት ያስመስላል። ስሟ የጣሊያን ነው እንጂ ሰፈሯ አራዳ ነበረች፤ የከተማዋ ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ የሚቆምባት። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ገበያውን ወደ መርካቶ ገፋና አደባባዩን በራሱ ቋንቋ ጠራው። ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ሰው ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር እዚያ ነው። የሚገርመው ሀገር ፍቅር ራሱ በ1927 ሲመሠረት ማኅበር ነበር፤ ጣሊያን ሊወር ሲያደባ ሕዝብን በዜማና በንግግር ለማነሣሣት የተቋቋመ ማኅበር። ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፃዊ ከዚያ ቤት ወጥቷል። ውቤ በረሃን ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ላይ ሲጽፈው፣ የጻፈው ስለ ሕንፃዎቹ አልነበረም፤ በየክፍሉ ተከራይተው ስለሚኖሩት ሴቶችና ስለሚያመሹት ወንዶች ነው። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝ አምባ ጥር 3 ቀን 2007 በእሳት እስኪጠፋ ድረስ አንጋፋዎቹ ሙዚቀኞች እንደገና መድረክ ያገኙበት ቤት ነበር። ወርቅ ቤቶቹ፣ ቶሞካ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ፣ ሱፍ ሰፊው፣ ማስታወቂያ ጸሐፊው... ማስታወቂያው ላይ «የኪነ ጥበብ መንደር» የተባለው እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ነው።

ወሎም በዚህ ውስጥ አለበት። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ቦታ ስሞች ናቸው። በፒያሳ መድረኮችና መጠጥ ቤቶች ሌሊቱን ሙሉ የተዘፈነው ሰው ከወሎ ይዞት በሄደው ቅኝት ነው። ያ ሰው አዲስ አበባ ሲገባ 8 ሚሊዮን ብር አልተጠየቀም። ከጓደኛው ጋር አንዲት ክፍል ተከራየ፣ ማታ ዘፈነ፣ ቀን ተኛ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የሚቋጠረው። ፒያሳ የኪነ ጥበብ ሰፈር የሆነችው ኪራይ ርካሽ ስለነበረ ነው። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ለቀበሌ ሰጠ፤ ኪራዩንም ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ለአርባ ምናምን ዓመታት መሐል ከተማ ውስጥ በጥቂት ብር ኪራይ የኖረ ሕዝብ ተፈጠረ። አዋጁ ብዙ በደል አለበት፤ ላቡን አንጠፍጥፎ ሁለተኛ ቤት የሠራን ሰው ሁሉ ከፊውዳሉ ጋር ደምሮ ወርሷል። ቤቶቹም ቢሆኑ ባለቤት አጥተው አርጅተዋል። መንግሥት አያድስም፣ ተከራዩ እንዲያድስ አይፈቀድለትም። አሥር አባወራ በአንድ ሽንት ቤት፣ ዝናብ ሲመጣ ድስት እየደቀኑ መኖር የፒያሳ ትዝታ አካል ነው። ዶሮ ማነቂያን ከሩቅ ሆኖ በናፍቆት የሚያለቅስላት ሰው እዚያ ጭቃ ውስጥ አንድ ክረምት ቢያሳልፍ ለቅሶውን ይቀንስ ነበር። ቢሆንም በዚያ ርካሽ ክፍል ውስጥ ነበር ክራር ገራፊውም፣ ሠዓሊውም፣ ወርቅ አንጥረኛውም፣ የቴአትር ቤት መጋረጃ ሳቢውም የኖረው። ኪራዩ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል፤ የሚቀረው የጎዳናው ስም ነው።

በ2016 የካቲትና መጋቢት ላይ የሆነውን አገር አይቶታል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት መጀመሪያ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳ ፈረሰች፣ ዶሮ ማነቂያም አብራ ሄደች። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ ቦታ ምትክ የቀበሌ ቤት ተባለ፤ ባለይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ። አንዳንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ቤት አገኘ፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን በሰፈሩ የሚሠራ ሥራ የነበረው ሰው ሥራውን አጣ። እድሩ ተበተነ። ጠዋት ሀገር ፍቅር ልምምድ የሚገባ ሰው ከከተማው ዳር ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ ጀመረ።

እዚህ ላይ በአደባባይ ብዙም ያልተነሣ የሕግ ነጥብ አለ። ለሕዝብ ጥቅም የመሬት ይዞታ ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የማልማት ቅድሚያ መብት የሚባል ነገር አለው። ይዞታው በከተማ መልሶ ማልማት ክልል ውስጥ የወደቀበት ሰው በፕላኑ መሠረት ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር በጋራ ቦታውን ራሱ ለማልማት ቅድሚያ አለው ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን መብቱ ለባለይዞታ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሠላሳ ዓመት ቢኖርም፣ ልጆቹን እዚያ ቢድርም፣ በሕግ ዓይን ባለይዞታ አይደለም፤ ባለይዞታው መንግሥት ነው። ስለዚህ ፒያሳን ፒያሳ ያደረገው ትልቁ ቁጥር ያለው ሕዝብ «በማኅበር ተደራጅተን፣ እዚሁ ቦታ ላይ፣ በፕላናችሁ መሠረት እንሥራ» ብሎ የሚቆምበት አንቀጽ የለውም። ለእሱ ማኅበር የሚባለው በር ተዘግቷል።

በሩ ለማን ተከፈተ? ማኅበር የሚለው ቃል ያለፈበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። በደርግ ጊዜ የመምህራን፣ የሠራተኞች፣ የጡረተኞች የቤት ሥራ ማኅበራት ነበሩ፤ ቦታው በነፃ፣ ብድሩ በዝቅተኛ ወለድ ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም «ማኅበር ቤት» የሚባሉት ግቢዎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። በ1991 የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 መርሁን በግልጽ አስቀመጠ፤ ዕጣው ብዙም ይሁን ጥቂት አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፣ ማንም አባል ከጠቅላላው ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ አይዝም። ይህ ማለት ማኅበር ማለት ብር የበዛለት የማይጋልበው ድርጅት ማለት ነው።

ከዚያ ነገሩ ተቀየረ። በ2005 አዲስ አበባ ላይ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 ሲባል፣ ማኅበር አራተኛው አማራጭ ሆነ፤ የግንባታውን 50 በመቶ አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ ማስገባት ለሚችል። ከዓመታት በኋላ የቆዩት ተመዝጋቢዎች እንደገና በማኅበር እንዲደራጁ ሲጠሩ ደግሞ ቅድመ ክፍያው 70 በመቶ ሆነ። በ1997 ተመዝግቦ ከደመወዙ እየቀነሰ ሲቆጥብ የኖረ ሰው ከየት አምጥቶ 70 በመቶ ያስገባል? በመካከሉ ደግሞ በሐምሌ 2014 የ25,791 ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ የዕጣ ማውጫው መረጃ ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። ከዚህ በኋላ ድሀው ዕጣውንም ማኅበሩንም ትቶ ቁጭ አለ። ማኅበር የሚለው ቃል ግን አልሞተም። ሕዝቡ አሁንም በቃሉ ላይ እምነት አለው፤ ከእድርና ከእቁብ የወረሰው እምነት። ቤት ሻጩ ያንን እምነት አይቶ ነው ቃሉን ማስታወቂያው ላይ የሚለጥፈው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምትለዋንም ተረት እነዚሁ ማስታወቂያ ሠሪዎች ጨርሰዋታል።

በአንድ ጊዜ ቤት ግዢና በማኅበር መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ገዢ ከሆነ ውሉ ላይ ያለው ዋጋና የርክክብ ቀን ናቸው መብቱ፤ ሻጩ ሲዘገይ ይከሳል፣ ሲሆንለትም ያሸንፋል። አባል ከሆነ ደግሞ ሥራ ተቋራጩን የመምረጥ፣ ሒሳቡን የማየት፣ ሰብሳቢውን የመሻር ድምፅ አለው። በማኅበር ስም የሚሸጠው ቤት ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ክፉ ክፉውን ያመጣል። ዋጋው ሲጨምር «አባል ነህ፣ ተካፈል» ይባላል። ሒሳብ ሲጠይቅ «ገዢ ነህ፣ ምን አገባህ» ይባላል። መካነ ሰላም ላይ ተቀምጦ፣ ጠቅላላ ጉባኤው የት እንደሚደረግ ሳያውቅ በስልክ ብር የሚያስተላልፍ ሰው ከዚህ መሐል እንዴት ይወጣል?

ሒሳቡም ቢሆን ማስታወቂያው እንደሚለው አይደለም። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ 8 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ገዛ እንበል። ቤቱ አልቆ በወር 40,000 ብር ቢከራይለት በዓመት 480,000 ነው፤ ካወጣው 6 በመቶ። ከዚያ ላይ የኪራይ ግብር፣ የሊፍትና የጥበቃ መዋጮ፣ ተከራይ ያልተገኘበት ወር፣ የደላላ ድርሻ ይቀነሳል። ከባንኩ 7 በመቶ ያንሳል ማለት ነው፤ ያውም ቤቱ በቀኑ ካለቀ። ስለዚህ ገዢው በእርግጥ እየተወራረደ ያለው በኪራዩ አይደለም፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሰው በበለጠ ዋጋ ይገዛኛል በሚለው ተስፋ ነው። ያ ከኋላ የሚመጣ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ በሰኔ 2017 ፍንጭ ተሰጥቷል። የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች ቢያንስ 150,000 ዶላር ይዘው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። የቦረና በግ ነጋዴና ዶላር የያዘው ሰው ፒያሳ ላይ አንድ ወለል ላይ ጎን ለጎን ቆመው የሚጫረቱበት ገበያ ነው የሚመጣው። የትኛው ቀድሞ እንደሚገፋ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

«ታዲያ ምን ይደረግ፣ መሐል ከተማ ጭቃ ቤት ሆኖ ይቅር?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ይህ ጥያቄ ያለው ሁለት መንገድ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ያስባል፤ ወይ ጭቃው፣ ወይ ነዋሪው የተነሣበት ፎቅ። ሦስተኛው መንገድ በሌላ አገር ተሞክሯል፤ የተሞከረውም የሶሻሊስት አገር ላይ አይደለም፣ ኒውዮርክ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኒውዮርክ አከራዮች ግብር መክፈል አቅቷቸው ሕንፃዎቻቸውን ጥለው ሸሹ። ከተማው በግብር ዕዳ ተረክቦ በሺሕ የሚቆጠሩ የፈራረሱ ሕንፃዎች ባለቤት ሆነ። ማለትም ልክ እንደ እኛ ቀበሌ፣ ሳይፈልግ የድሆች አከራይ ሆነ። ውስጣቸው ያሉት ተከራዮች ማሞቂያውን ራሳቸው እየጠገኑ፣ ኪራይ ራሳቸው እየሰበሰቡ መኖር ጀመሩ። ከተማውም እየዋለ እያደረ ወደ ማኅበር እንዲደራጁ አደረገና እያንዳንዱን ቤት በ250 ዶላር ሸጠላቸው። ሁለት መቶ ሃምሳ ዶላር! በምትኩ ቤቱን መልሶ ለመሸጥ ገደብ ተደረገ፤ ገዢው ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች መሆን አለበት። ዛሬ በዚህ መንገድ የቆሙ ከ1,000 በላይ ሕንፃዎች አሉ። ሁሉም አልተሳኩም፤ ሒሳባቸው የተበላሸ፣ ግብር ያልከፈሉ፣ እርስ በርስ የተካሰሱ አሉ። ግን ዛሬ ሚሊየነር በሚኖርበት ሰፈር ውስጥ የአውቶቡስ ሹፌርና የቀድሞ ዳንሰኛ የራሳቸው ቤት ውስጥ የሚኖሩት በዚያ ምክንያት ነው።

እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ ሶሆ የሚባል ሰፈር ደግሞ የተገላቢጦሹን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆርጅ ማቹናስ የተባለ ሠዓሊ ባዶ የፋብሪካ ሕንፃዎችን በማኅበር እየገዛ ለሠዓሊዎች አከፋፈለ። ሐሳቡ ድንቅ ነበር፤ ሕጉ የሚጠይቀውን መግለጫ ሳያስመዘግብ ዕጣ በመሸጡ ግን ከክልሉ ዐቃቤ ሕግ ጋር ሲጣላ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከተማው ሠዓሊ መሆኑ የተመሰከረለት ሰው እዚያ መኖር ይችላል ብሎ ሕግ አወጣ። በመልሶ ሽያጩ ዋጋ ላይ ግን ገደብ አልተደረገም። ጥቂት አሥርት ዓመታት አለፉና ሶሆ የሠዓሊ ስም ያላት፣ ሠዓሊ የማይኖርባት የውድ ልብስ ሰፈር ሆነች። ሁለቱም ማኅበራት ነበሩ። አንዱ ነባሩን ሰው በሕግ አስሮ አቆየው፣ ሌላው ስሙን ለገበያ ለቀቀው። ፒያሳ ላይ እየተደረገ ያለው ከሶሆም ይብሳል፤ ሶሆ ቢያንስ መጀመሪያ ሠዓሊዎቹን አስገብታ ነበር።

የመካነ ሰላም ብር ለፒያሳ ያስፈልጋል። ይህን ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የክርክሩ ሐሳብ «ወሎዬ አዲስ አበባ ምን አገባህ» የሚል ተደርጎ ሊተረጎም ይችላል። ከተማዋ የሁሉም ናት፤ አምባሰልን ያስገባች ከተማ የአምባሰልን አገር ሰው ልታባርር አትችልም። ጥያቄው ብሩ በምን በር ይግባ የሚለው ነው። እንበልና ስድሳ አባወራ የሚኖርበት የቀበሌ ቤቶች ግቢ አለ። ለስድሳው ነባር ሰው በሕግ ማኅበር የመመሥረትና በቦታው የመሥራት ቅድሚያ ይሰጠው። በፕላኑ መሠረት ዘጠኝ ፎቅ ይውጣ፣ መቶ ሃያ ቤት ይሁን። ስድሳው ለነባሮቹ፣ እንደ 20/80 ባለ በረጅም ዘመን ብድር። የተቀረው ከውጭ ለሚመጣ አባል፣ በሙሉ ዋጋ፤ ከመካነ ሰላም፣ ከደሴ፣ ከዋሽንግተን። ምድር ቤቱ የማኅበሩ ሆኖ ለወርቅ አንጥረኛው፣ ለሙዚቃ ቤቱ፣ ለምግብ ቤቱ ይከራይ፤ ኪራዩ የነባሮቹን ብድር ያግዝ። ድምፅ አንድ ለአንድ። የነባሮቹ ቤቶች ሲሸጡ መጀመሪያ ለማኅበሩ፣ በተገደበ ዋጋ።

በዚህ አሠራር የሩቁ ባለ ብር ምን ያገኛል? ከሁሉ በፊት ዕለት ዕለት ግንባታውን የሚያይ ሰው ያገኛል። ስድሳ አባወራ ቤቱ እስኪያልቅ ዓይኑን የማይነቅልበት ሥራ ላይ ሲሚንቶ መስረቅ ከባድ ነው። መካነ ሰላም ያለው አባል ሊቀጥረው የማይችለው ተቆጣጣሪ ያ ነው። ሁለተኛ፣ የገዛው የፒያሳ ስም ውስጥ ፒያሳ ይኖርበታል።

ትርፉ ሊያንስ ይችላል። ደላላው የሚያወራውን እጥፍ ድርብ አያመጣም። መንግሥትም ቦታውን በሊዝ ጨረታ ቢያወጣው የሚያገኘውን ገንዘብ ያጣል፤ ዋናው እንቅፋት ይህ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው። መሬት የከተሞች ዋና ገቢ በሆነበት አገር ውስጥ ከነባር ተከራይ ጋር ቦታ መካፈል ለማዘጋጃ ቤት ኪሳራ ይመስላል። የተነሡትን ሰዎች ዳር ላይ ለማስፈር የሚወጣው የመንገድ፣ የውኃ፣ የትምህርት ቤትና የአውቶቡስ ወጪ ግን ከዚያ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

«ጊዜ ይወስዳል» የሚለው ክርክርም አለ። እውነት ነው፣ ይወስዳል። ስድሳ አባወራ ማስማማት ከባድ ነው፤ የእድር ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁንና በ1997 ተመዝግቦ ዛሬም ቤት የሚጠብቅ ሰው ባለበት ከተማ ውስጥ ስለ ፍጥነት መኩራት አይቻልም።

አሁን ወደ መካነ ሰላም እንመለስ፣ የሁለተኛው ጉዳት እዚያ ነውና። ኮሪደር ልማት የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቷል። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት፤ ተማሪና መምህር መጥቶባታል፤ የቤት ኪራይ ንሯል። አዋጅ ቁጥር 47 እንደሌላው ከተማ ሁሉ እዚያም ደርሷል፤ መሐል ገበያው ዙሪያ ያሉ አሮጌ የቀበሌ ቤቶች ውስጥ ጠላ ሻጯ፣ ልብስ ሰፊው፣ ዘንቢል ሠሪዋ ይኖራሉ። ነገ ፕላን መጥቶ «እዚህ ፎቅ ያስፈልጋል» ሲባል፣ እነዚህ ሰዎች የሚገጥማቸው ሕግ ዶሮ ማነቂያን የገጠመው ያው ሕግ ነው። ባለይዞታ ቅድሚያ አለው፤ ተከራይ ዕቃውን ይጭናል። ያኔ የመካነ ሰላም ነጋዴ ምን ብሎ ይከራከራል? ፒያሳ ላይ በተነሡ ሰዎች ቦታ ላይ ዕጣ ገዝቶ?

ይህ ግብረ ገብ ስብከት ብቻ አይደለም፣ የጥቅም ጉዳይም ነው። በክልሉ ከተሞች የመንግሥት ሠራተኛውና ነዋሪው የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር እያቋቋመ፣ በዝግ ሒሳብ እየቆጠበ ቦታ ሲጠብቅ ኖሯል። በእነዚህ ማኅበራት ላይ ያለው ቅሬታ ብዙ ነው፤ ቦታ ይዘገያል፣ ስም ዝርዝር ውስጥ የሌላ ከተማ ሰው ይገባል፣ ቦታው ሲገኝም መንገድና ውኃ ያልደረሰበት ጥግ ነው። አንድ በጎ ነገር ግን አላቸው፤ አባላቱ ይተዋወቃሉ። ሰብሳቢው ብር ቢበላ ቤቱ ይታወቃል፣ እናቱ ትታወቃለች፣ ሽማግሌ ይላክበታል። ከዚህ ብር ከፊሉ መሐል መካነ ሰላም ላይ፣ የቀበሌ ቤት ተከራዮችን በአባልነት ይዞ፣ ምድሩ ሱቅ የሆነ ሦስት አራት ፎቅ ቢያቆም፣ ተከራይ ፍለጋ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ የዩኒቨርሲቲው መምህር ቤት አጥቶ ይንከራተታል። ይህን ለማድረግ ሰላም ያስፈልጋል። ዛሬ ሲሚንቶ በሰላም የማይደርስበት መንገድ ላይ ፎቅ አቁሙ ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ማኅበሩን ማቋቋም፣ ሕጉን ከወረዳና ከክልል ጋር መከራከር፣ የቀበሌ ተከራይ በማኅበር የመሥራት መብት ይኑረው ብሎ ጥያቄውን በጽሑፍ ማስገባት ግን ሲሚንቶ አይጠይቅም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ወረቀት ነው።

ፒያሳ ላይ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ደግሞ ቢያንስ ብሩን ከመላኩ በፊት አዲስ አበባ ያለውን የአክስት ልጅ ወደ ቢሮው ይላከው። ማሳያ ክፍሉን፣ ሶፋውንና በቴሌቪዥን የሚሽከረከረውን ሕንፃ አልፎ ይጠይቅ። ማኅበሩ በኅብረት ሥራ ማኅበርነት የተመዘገበበትን የምስክር ወረቀት ያሳዩት። የቦታው ካርታ በማን ስም እንደወጣ ያሳዩት፤ በማኅበሩ ስም ነው ወይስ በአንድ ግለሰብ? የመጨረሻው ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገበትን ቀንና ቃለ ጉባኤውን ያምጡለት። ብሩ የሚገባው በማኅበሩ ዝግ ሒሳብ ነው ወይስ በሌላ? ከዚያ የአባላቱን ዝርዝር ጠይቆ ከላይ እስከ ታች ይቁጠር፤ ከ2016 በፊት እዚያ ሰፈር ይኖር የነበረ አንድ ሰው እንኳ ስሙ ካለበት፣ ስልኩን ጽፎ ይዞ ይምጣና መካነ ሰላም ያለው ዘመዱ ለሰውየው ራሱ ይደውልለት።